ስትሄድ ጤነኛ፣ ስትቆም በሽተኛ

በአዲስ አበባ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ኮፈኑ ገና ከፍ ከማለቱ ሎተሪ አዟሪው ይደርሳል፤ ባለሱቁ ይከተላል፤ "እኔ እኮ ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ" የሚል ጡረተኛ ከዘራውን ተደግፎ ይመጣል። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ያሰግጋሉ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ወጣት ከኋላ ኪሱ ካቻቢቴ ይመዛል። በሥራ ቀን፣ ከቤቱ ርቆ፣ ካቻቢቴ በኪሱ ይዞ የሚዞርበትን ምክንያት ማንም አይጠይቀውም። እሱም መኪናው ለምን እንደቆመ አይጠይቅም። ጎንበስ ይልና ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የምትወስነውን የሚኒሞ ብሎን ግማሽ ዙር ያዞራታል።

ጎማ ፈንድቶም ቢሆን ያዞራታል። የጎረቤቴ መኪና ራዲያተሯ ውሃ አልቆበት ቆማ፣ ውሃ ተሞልቶላት፣ ሚኒሞዋም ከፍ ተደርጎላት ሄዳለች። ባለቤቷ ሁለተኛውን አልጠየቀም፤ በምርቃት ያገኘው ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው የቶዮታ ዲኤክስ ባለቤት ስለሆንኩ ነው። የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1983 ሞዴል ናት፤ ሞተሯ 4ኬ የሚባለው፣ 1290 ሲሲ። ኮምፒውተር የላትም፣ ሴንሰር የላትም። አየርና ቤንዚኗን ካርቡራተር ይቀላቅልላታል፤ እሳቷን ከፑንቲናና ከቦቢና ታገኛለች። ቀለበት መንገድ ላይ ስትለቀቅ ዕድሜዋን ትረሳለች። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ግን ሁሉም ትዝ ይላታል። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል መወዛወዝ ይጀምራል። ቀጥሎ የወንበሩ ሞላ ይጮኻል። ትንሽ ቆይቶ የዳሽቦርዱ ሳጥን ማንም ሳይነካው ይከፈትና ቦሎና ሦስተኛ ወገን ጭኔ ላይ ይወድቃሉ። ከሳሪስ ያመጣኋት አክስቴ ይህን ስታይ ቆይታ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አደረገችላት።

"በርዷት ነው መሰለኝ፣ ትንቀጠቀጣለች" አለችኝ።

"በሽታ ነው አክስቴ፣ ብርድ አይደለም።"

"እንግዲያው ውሃ ይረጭባት። ጠበል ብትወስዳት ምን ይጎዳሃል?"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እንዲህ ያለች መኪና የሚነዳ ሰው ቀኝ እግሩ ሁለት ደሞዝ ይገባዋል። በጣቶቹ ፍሬን ይይዛል፣ በተረከዙ ነዳጅ ይሰጣል። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ እጁ የእጅ ፍሬን ላይ ነው፤ ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ አፉ ጸሎት ላይ ነው። እንዳትጠፋበት "ቩም... ቩም..." ሲያደርጋት ከጎኑ የቆመው ጎረምሳ ለእሽቅድምድም የተጠራ ይመስለውና መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ፈገግ ይላል። አረንጓዴው ሲበራ ጎረምሳው ይፈተለካል፤ የእኛዋ ትጠፋለች። ከኋላ ክላክሱ ይንጫጫል። የሚገፋ ሰው ግን አይታጣም፤ የአዲስ አበባ ሰው የቆመ መኪና መግፋት ነፍሱ ነው። ገፍቶ ካስነሳ በኋላ ግን ምክሩን ሳይሰጥ አይለቅም።

ምክሩ እንደ ሙያው ነው። ማደያ የሚሠራው "ቤንዚኑ ነው፣ ከሌላ ቦታ ቅዳ" ይላል። ሬዲዮ ጠጋኙ ቦቢናውን ይጠረጥራል። ባለታክሲው ካንዴላ ቀይር ይላል፤ ባለታክሲ ወገቤን አመመኝ ቢሉትም ካንዴላ ቀይር ማለቱ አይቀርም። የአጎቴ ልጅ ደላላ ነው፤ እሱ ሽጣት ይላል። ሁሉም በመጨረሻ የሚስማሙት "ለጊዜው ሚኒሞዋን ከፍ አድርጋት" በሚለው ነው። ይቺ ለጊዜው የተባለችው ነገር ታዲያ ከመኪናው ጋር ለሚቀጥለው ባለቤት ትተላለፋለች።

ካርቡራተሩ ላይ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዷ የአየር መዝጊያውን ደገፍ አድርጋ ይዛ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ትወስናለች። ሌላዋ ጫፏ ሹል ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚሾልከውን ድብልቅ ትመጥናለች። ጤነኛ ዲኤክስ በሚኒሞ በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ ትዞራለች። አራት ሲሊንደር ስላላት ካንዴላዎቿ ተባብረው በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ይተኩሳሉ ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ካኮረፈ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል የተኩሱ ተራ ይዘላል፤ ያ መዝለል ነው በወንበሩ በኩል መቀመጫችን ድረስ የሚደርሰው። ፍጥነቱን ወደ 1200 ሲያደርሱት ያኮረፈው ሲሊንደር አይታረቅም። ጉድለቱ ይጠጋጋል፣ ጆሮ ይሸወዳል፣ ባለካቻቢቴው "አየህ?" ብሎ እጁን ይጠርጋል።

ሂሳቡ በኋላ ይመጣል። ቆማ ስትጠብቅ ቤንዚን ትጠጣለች። ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ ወደፊት ስለሚገፋ ሸራው ቶሎ ያልቃል። የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ሰፈሩ ይሰማል። ሁሉንም የሚያስንቀው ግን ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ያለው ነው፦ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ የጋለ ሲሊንደር የሚደርሰውን ቤንዚን ያለ ካንዴላ በራሱ ሙቀት ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ "ደህና ዋሉ" ብሎ ተነስቶ በር ላይ ግማሽ ሰዓት እንደሚያወራ እንግዳ፣ ሞተሩ ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ ጉድ ጉድ እያለ ይቆያል። የሰፈራችን ልጅ ይህን ሰምቶ "ጋሼ፣ መኪናዎን ሳያጠፉ ወረዱ" አለኝ። ቁልፉን አውጥቼ አሳየሁት። አማተበ።

ላንቻ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አሮጌ መኪና ብቻ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ዲኤክሷን ይዤላቸው ስሄድ መሣሪያ አላነሱም፤ ኮፈንም አላስከፈቱም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁኝ።

"የምትንቀጠቀጠው ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ?"

"ሁልጊዜም ነው ጋሼ፤ ስትሞቅ ግን ይብሳል።"

"ስትሮጥስ?"

"ስትሮጥ ምንም አትል።"

"መብራት ስታበራ ትወርዳለች?"

"ትንሽ።"

"ፍሬን ስትይዝስ ድምጿ ይለወጣል?"

ይህን ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተነስተው ገቡና አስነስተው ፍሬኑን ደጋግመው ረገጡት። ሲረግጡት ሞተሩ ወረድ ብሎ ሊጠፋ ዳዳው፤ ሲለቁት ተመለሰ። "እዚህ ጋ አንድ አለ" አሉ። ረዳታቸውን ጠርተው የክንድ ርዝመት ያላት ቀጭን የጎማ ቱቦ አስመጡ፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው በሌላው ጫፍ የሞተሩን ዙሪያ ገባ ማዳመጥ ጀመሩ። ረዳቱ እስትንፋሱን ዋጠ። እኔም ዋጥኩ። የሰርቮው ቱቦ ማኒፎልዱን የሚይዝበት አንገት ላይ ሲደርሱ ቆሙና ቱቦዋን ወደ ጆሮዬ አስተላለፉልኝ። "ስስስስ" ይላል። በመኪና ውስጥ እባብ ካለ እንዲህ ነው የሚጮኸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ የካርቡራተሩ አየር መግቢያ ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አይተዉም። ስለዚህ ከመዝጊያው በታች፣ ማኒፎልዱ ውስጥ፣ ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። የፍሬኑ ሰርቮም እግራችንን የሚያግዘው ከዚያው ኃይል ተበድሮ ነው። በዚህ መስመር ላይ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የደረቀ ጓርኒሲዮን ወይም የላላ ዳዶ ካለ፣ ካርቡራተሩ ያልመጠነው አየር ሾልኮ ይገባል። በሚኒሞ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ የሾለከው ድርሻ ትልቅ ነው፤ ድብልቁ ይቀጥንና እሳቱ መሳት ይጀምራል። መንገድ ላይ መዝጊያው ወለል ሲል ግን ከሚጎርፈው አየር ጋር ሲተያይ ያ ስንጥቅ ከቁጥር አይገባም። ስትሄድ ጤነኛ ስትቆም በሽተኛ የመሆኗ ምስጢር ይኸው ነው። ብሎኗን ያዞሩ ሁሉ ስንጥቁን አልነኩትም፤ ስንጥቁን ለመመገብ ቤንዚን ጨመሩለት እንጂ።

ረዳቱ "ጋሼ፣ ቤንዚን በሲሪንጅ ልርጭበት?" አለ። ይህ በየጋራዡ የሚደረግ ነው፤ በተሰነጠቀው በኩል ቤንዚን ሲሳብ የሞተሩ ድምፅ ስለሚለወጥ ቦታው ይታወቃል። ጋሼ ግን ጮኹበት። የ4ኬ ሞተር መግቢያውና የጭስ መውጫው በአንድ ጎን ናቸው፤ የጋለው ብረት ከካርቡራተሩ ሥር ነው። እዚያ ላይ ቤንዚን የሚረጭ ሰው የሚፈልገው ምርመራ ሳይሆን ኢንሹራንስ ነው። "ውሃ!" አሉ። የመስታወት መወልወያ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ መጣ። ጋሼ ካርቡራተሩ ማኒፎልዱ ላይ በተቀመጠበት መጋጠሚያ ዙሪያ ፍስስ፣ ፍስስ አደረጉ። መኪናዋ ጭጭ አለች። ጠፍታ አይደለም፤ ከጃፓን እንደወጣች ቀን ባይሆንም መወዛወዟ ቀንሶ ረጋ ብላ ዞረች። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ዘግቶት ነው። ተስቦ ሲያልቅ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

ለአክስቴ ደውዬ ውሃ ሲረጭባት እንደተሻላት ነገርኳት። "አላልኩህም?" አለች። ከቧንቧ የተቀዳ መሆኑን አላነሳሁባትም።

ካርቡራተሩ ሲነሳ ከሥሩ ያለችው ጥቁር ወፍራም መነጠያ ሁለት ቦታ ተሰንጥቃ ተገኘች፤ ከዚህ በፊት የነካት ሰው ዳዶውን በሙሉ ጉልበቱ አጥብቆታል። ሌላ ቀጭን ቱቦ መጨረሻዋ በሰማያዊ የቢክ እስክሪብቶ ክዳን ተደፍኗል። ጋሼ ክዳኑን አውጥተው ብርሃን ላይ አዩት፤ "የተማረ ሰው ነው የሠራት" አሉ።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ ለዲኤክስ የሌለ ነገር የለም፤ አንዳንዴ ዲኤክሷ ራሷ በቁራጭ በቁራጭ መደርደሪያ ላይ ተዘርግታ የምትጠብቅ ይመስለኛል። መነጠያዋን ለአንድ ነጋዴ አሳየሁት። ነጋዴው ዘወር ብሎ ካንድ ካርቶን ውስጥ ሦስት አወጣና ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው።

"ይሄ ዋናው ነው፣ ይሄ ኮፒ ነው፣ ይሄ ደግሞ ደህና ኮፒ ነው።"

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ዋጋቸው ነዋ!" አለኝ፤ የማይገባ ነገር የጠየቅሁት ያህል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን በጓሮው ራሱ የሚሠራ፣ ሻንጣውን ለዘመድ ጫማ ሳይሆን በመሣሪያ ሞልቶ የሚመጣ ልጅ ነው። ካመጣቸው ውስጥ የቫኪዩም መለኪያ ሰዓት አለ፤ ማኒፎልዱ ላይ ሲሰካ የመሳብ ኃይሉን በሜርኩሪ ኢንች ይናገራል። ቱቦው ተቀይሮ፣ መነጠያዋ ገብታ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሰካው። መርፌው 12 አካባቢ አሳየ። የልጁ ፊት ጠቆረ።

"ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ማሳየት አለበት። ይሄ አልቋል። ቀለበቶቹ ሄደዋል፣ መፈታት አለበት።"

ጋሼ ሰዓቱን ተጠግተው አዩ። "ቁጥሩን የጻፈው ሰው ባህር ዳር ነው የሚኖረው" አሉ። ጣናን ማለታቸው አይደለም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እታች ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የዚያ ሰዓት መርፌ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። ለእኛ ከተማ ሰባት ስምንት ኢንች ይቀነሳል ማለት ነው፤ 12 እዚህ የጎበዝ ልጅ ውጤት ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ መካኒክ በዚህች ከተማ ስንት ጤነኛ ሞተር ፈትቶ ይሆን! የአክስቴን ልጅ ለማጽናናት ጋሼ ሰዓቱን ወደዱለት። ቁጥሩን ሳይሆን የመርፌውን ጠባይ ነበር የሚያዩት፤ ቀጥ ብላ ከቆመች ጤና ነው፣ ዝግ ብላ ወዲያ ወዲህ ከተንሳፈፈች ድብልቁ ነው፣ በልክ በልክ እየጠበቀች ቁልቁል ከተመታች ቫልቭ ነው። የእኛዋ ትመታለች።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። ለባህር ወለል የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ የሚያገኘው አየር ቀጭን ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በልኳ የተስተካከለች መኪና አዳማ ስትወርድ ሌላ ጠባይ ታመጣለች፣ አዋሽ ስትደርስ ሌላ። በየከተማው የሚቆም ሾፌር በየከተማው አንድ ባለካቻቢቴ ወጣት ስለማያጣ፣ ድሬዳዋ የምትደርሰው መኪናና ከአዲስ አበባ የተነሳችው መኪና ባለቤታቸው ብቻ ነው አንድ።

ጋሼ አራቱን ካንዴላዎች ነቅለው ጋዜጣ ላይ አሰለፏቸው። ይህን ሥራ ሲሠሩ ማንም አያናግራቸውም። የሻይ ቡናማ መልክ ያለው ደህና ነው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ የነጣ አየር በዝቶበታል ወይም ግሏል፤ ዘይት የነካው ደግሞ ለባለቤቱ ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር አለው። ሁለተኛው እርጥብና ጥቁር ነው። መልሰው አስገቡና ሞተሩን አስነስተው ሽቦዎቹን እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ አንድ በአንድ ነቀሉ። አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሦስተኛውና አራተኛውም እንዲሁ። ሁለተኛው ሲነቀል ምንም አልተለወጠም። ሠራተኛው ሲቀር ሥራው ካልጎደለ፣ ቀድሞም አይሠራም ነበር።

ሽቦው ደህና ነው፤ ካንዴላውም በሌላ ተለውጦ ያው ሆነ። የቫልቭ ክዳኑ ተከፈተ። በዚህ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተት ልኩ በሙቁ ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። የሁለተኛው ሲሊንደር መውጫ ቫልቭ ላይ ቀጭኗ መለኪያ እንኳ አልገባ አለች፤ ክፍተቱ ስለጠበበ ቫልቩ አጥብቆ አይዘጋም፤ እመቃው ይሾልካል። "ማነው ያጠበበው?" አሉ ጋሼ። መልሱ ቀላል ነው፤ ድምፅ የጠላ ባለቤት ነው። ሰው ከሞተሩ ራስ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማና "ዝም አሰኙልኝ" ይላል። መካኒኩም ዝም ያሰኝለታል። የሚጮኽ ቫልቭ ግን በጊዜው ይስተካከላል፤ ዝም ያለው ነው ውሎ አድሮ የሚቃጠለው። የእኛዋ ደግነቱ ገና አልተቃጠለችም ነበር። ጋሼ ክፍተቱን ወደ ልኩ መለሱት፤ እዚያው ላይ ፑንቲናውንም አጽድተው በ0.45 ሚሊሜትር አስተካከሉት።

ነዳጁንም አልዘለሉትም። በሃይላንድ ጠርሙስ ከታንኳ ጥቂት ቀድተው ግንብ ላይ አስቀመጡትና ሻይ ጠጣን። ስንመለስ ከታች የውሃ ጠብታ ተለይቶ ተቀምጧል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር የሚወጣ ኢታኖል መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ ሲደባለቅ ነበር፤ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ለእሱ ያልተሠራ አሮጌ ጎማ ያሳብጣል፣ በታንክ ግርጌ ለዓመታት የተኛውን ዝቃጭም ያነሳዋል። ያ ዝቃጭ ተጉዞ የሚያርፈው ሚኒሞ ላይ ሞተሩን የምትመግበው የካርቡራተሩ ጂግለር ላይ ነው፤ ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብትሆን ነው። ረዳቱ በሽቦ ሊወጋት ሲል እንደገና ተጮኸበት። በሽቦ የተወጋች ቀዳዳ ትሰፋለች፤ ከሰፋች ብሎኗን የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩ ልኳን አያገኙም። በንፋስ ተነፋች።

ካቻቢቴ የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቋል፣ ቾኩ ተመልሷል፣ የአየር ፊልትሮው ቦታው ላይ ነው፣ መብራትና ሬዲዮ ጠፍቷል። ባለሹል ጫፏን ብሎን ቀስ ብለው እስከምትቆም አስገቧት፤ ቀስ ብለው፣ ምክንያቱም ጠበቅ ካደረጓት ጫፏ ይቆረጣል። ከዚያ ለመነሻ ሁለት ዙር ተኩል ያህል አወጧት። አስነስተው ወደ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያሉ ሞተሩ እስኪወላገድ፣ ወደ ውጭ ጥቂት ጥቂት እያሉ ከሁሉ ይልቅ እስኪፈጥን፤ ከዚያ ፍጥነቱን በሌላዋ ብሎን ዝቅ፤ ከዚያ እንደገና። ያየሁት ነገር ቢኖር ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው መሥራታቸው ነው። በመጨረሻ ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው ፊልትሮው ክዳን ላይ በጠርዙ አቆሙት። ቆመ። ረዳቱ አጨበጨበ። ሳንቲሙ ወደቀ። "በጭብጨባው ነው" አሉ ጋሼ።

ከዲኤክስ በኋላ የመጣው ዘመን የቶዮታ ቪትዝ ነው። ቪትዝ ላይ ሚኒሞ የሚጠብቀው ኮምፒውተር ስለሆነ ባለካቻቢቴው ወጣት ኮፈኑ ሲከፈት አንገቱን አስግጎ ብሎን ይፈልጋል፤ ያጣል። ፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘን ያሳዝናል። ሲጨንቀው የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ይመልሳል። ኮምፒውተሩም የተማረውን ረስቶ ለጥቂት ጊዜ ከበፊቱ በባሰ ይወላገዳል። ሌላው ደግሞ ታብሌት ይዞ ይመጣና ይሰካል፤ "ፒ0171" የሚል ኮድ ያወጣል፤ ድብልቁ ቀጥኗል ማለት ነው። ከዚያ ኮዱን ያጠፋና ሂሳብ ይቀበላል። ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ይመለሳል። የቀጠነበትን ምክንያት የሚፈልግ ካለ ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው ያችኑ የተሰነጠቀች ቱቦ ነው። ቶዮታ ሞተሩን ለውጧል፤ ጎማ ግን አሁንም በአዲስ አበባ ፀሐይና በሞተር ሙቀት መካከል ሆኖ ይሰነጠቃል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል ከአዋጁ በፊት የገቡት አሮጌዎች የተከበሩ ሽማግሌዎች ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ይኸው አሁን መስቀል አደባባይ መብራት ላይ ስቆም በግራም በቀኝም የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቆመዋል፤ ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ሞተራቸው መኪናው ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ ሚኒሞ የሚባል ነገር አያውቁም። አንዷ ውስጥ ያለች ሴትዮ የእኔን መስቀል ሲወዛወዝ አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ አዝና ይሁን ተሳልማ አልገባኝም። ጋሼ ያስተካከሏት መኪና በጣም ተሽሏታል፤ ግን የሞተሩ ማረፊያ ጎማዎች ዕድሜ ጠግበዋል፤ ትንሽ ትንሽ መቀነቷን ታወዛውዛለች።

ባለፈው እሁድ ደላላው የአጎቴ ልጅ አንድ ጎልማሳ አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ሰውየው ሰላም ከማለቱ በፊት ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ገዢ ሊመጣ ሲል ሞተር አስቀድሞ ማሞቅ የደላላ ወግ ስለሆነ፣ የገባው ገዢ መጀመሪያ የሚነካው ኮፈን ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው። አስነሳት። እጁን ኪሱ ከትቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጣት።

"ቆማ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች" አለ።

"እንግዲህ ጋሼ፣ እነዚያ የኤሌክትሪኮቹ ይሥሩ ይጥፉ በምን ያውቃሉ?" አለ የአጎቴ ልጅ፣ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ። "ይቺ አትደብቅም። በሕይወት መኖሯን በየሰከንዱ ትነግርዎታለች።"

ሰውየው ትንሽ አሰበ።

"የመጨረሻ ዋጋዋ ስንት ነው?"

እኔም ዋጋውን ለመስማት ጠጋ አልኩ፤ ለሽያጭ መቅረቧን የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነበር።